የማይደነግጥ ልብ

የዩራኒስ የልብ ምት በክፍላቸው ግድግዳ ላይ ሲታይ ቀጥ ያለ መስመር ነበር። የሚያዩት ቪዲዮ ላይ ያለው ሰውዬ መጮህ ሲጀምር የሌሎቹ ተማሪዎች ሁሉ መስመር ወደ ላይ ተስፈንጥሯል። የእሷ ንቅንቅ አላለም።

«ፍሪጅ እኮ ናት» አለ ኤዴር ከኋላ። «በዚህ በባራንኪያ ከተማ ሙቀት አጠገቧ መቀመጥ ነው የሚያዋጣው።» ክፍሉ ሳቀ።

ዶክተር ግራሲዬላ አልሳቀችም። ወጣቶች ስሜታቸውን እንዴት እንደሚቆጣጠሩ ለማጥናት ከዩኒቨርሲቲ የመጣች ናት፤ ሰዓት የሚመስለውን የልብ ምት መለኪያ እጃቸው ላይ ያሰረችላቸውም እሷ ነች። በዞረችበት ትምህርት ቤት ሁሉ እንዲህ ያለ ውጤት አይታ እንደማታውቅ ነገረቻቸውና ዩራኒስን ወደ ፊት ጠራቻት። ለጓደኞቿ እንድታስተምር።

ዩራኒስ ወጣች። ምን ትበል? የእንጀራ አባቷ የብረቱን በር በርግዶ ሲገባ፣ መጀመሪያ የሚመታው ፊቱ የተለወጠው ሰው ነው ትበል? የቤቱ ነገር ከቤት እንዳይወጣ እናቷ አስምላታለች። ሁሉም አፍ አፏን ያያሉ። ተቀመጪ የሚላት የለም።

«መጀመሪያ እጃችሁን ልቀቁት» አለች። «ከዚያ ፊታችሁን። ከዚያ ወደ ውስጥ ትገባላችሁ። የሚጮኸው በሌላ ሰው ላይ ይሆናል።»

ዶክተሯ ደስ ብሏት ቪዲዮውን እንደገና ከፈተችው። ጥቂቶቹ ሳቃቸው አመለጣቸው። ሌሎቹ ግን እንዳለቻቸው አደረጉ፤ እጃቸው ረገበ፣ ዓይናቸው ፈዘዘ። ዩራኒስ በቤታቸው መስታወት የምታውቀውን ፊት በየወንበሩ ላይ አየችው። ተዉት ልትላቸው ፈለገች።

እጁን ያወጣው ኤዴር ነበር። ፊቱ ላይ ቀልድ የለም።

«ከገቡ በኋላስ፣ እንዴት ነው የሚወጣው?»

ዩራኒስ ወደ ዶክተሯ ዞረች። ዶክተሯ ግድግዳውን ትታ እሷን እያየቻት ነበር። የቪዲዮውን ሰውዬ አፉን እንደከፈተ አቆመችውና ልጆቹን ለእረፍት እንዲወጡ ነገረቻቸው።

«አንቺ ትንሽ ቆዪኝ፣ የኔ ልጅ» አለቻት፣ ዝግ ባለ ድምፅ።

ወንበሮች ተጎተቱ። ኤዴር ከሁሉም ኋላ ወጣ፤ ዞር ብሎ አያትና በሩን ገርበብ አድርጎ ተወላት። ዶክተሯ ሄዳ ዘጋችው።