የመዳፏ ሙቀት

«ቀዝቅዟል ጋሼ፤ ክዳኑን ይክፈቱት» አለች ከመቆጣጠሪያ ክፍሉ ወጣቷ ቴክኒሺያን በሬዲዮው። ስክሪኑ ላይ የቦይለሩ ሙቀት ሃያ ሁለት ዲግሪ ይል ነበር።

«አይ እንግዲህ! የእኔ ሻይ እንኳ እንዲህ ቶሎ አልበረደም» ብለው ሳቁ ሽማግሌው የቦይለር ሠራተኛ። «እሺ ልጄ፣ አንቺ ካልሽ ይሁን።»

ፈገግ ብላ ጠረጴዛዋ ላይ ከኔትወርኩ ጋር ያገናኘችውን አዲስ የሙቀት መለኪያ አነሳች፤ ጫፉን በመዳፏ ጨበጠችው። ስክሪኑ ላይ የቦይለሩ ቁጥር ሃያ አምስት፣ ከዚያም ሠላሳ ሆነ። የአዲሱን መለኪያ የኔትወርክ አድራሻ ከቦይለሩ መለኪያ ስትገለብጥ የመጨረሻዋን ቁጥር ሳትቀይር ቀርታለች፤ ስክሪኑ የቦይለሩ ብሎ ሲያሳይ የቆየው በእጇ የያዘችውን መለኪያ ነበር።

«ጋሼ፣ እንዳይከፍቱት!»

ከሬዲዮው የእንፋሎት ፉጨት ብቻ መጣ። መዳፏን አልፈታችም፤ በስክሪኑ ላይ ቦይለሩ ሠላሳ አራት ዲግሪ ነበር።