ከ«እና» በፊት ያለችው ሰረዝ

ይታወቅ ዘንድ፦ ቅዳሜ ከምሳ በኋላ ጋሽ ይልቃል ካልሲያቸውን ቀየሩ። ልጃቸውን ትርሲትን የሚጠይቁ ሽማግሌዎች ሊመጡ ነው። ሰው የሚናገረውን ሁሉ የየቤቱ ግድግዳ መጻፍ ከጀመረ ስልሳ ዓመት አልፎታል፤ ከዚያ ወዲህ በእጁ የጻፈ ወይም ሰረዝን ልብ ብሎ ያየ ሰው የለም። ያም ሆኖ በዝርዝር ውስጥ ከ«እና» በፊት ነጠላ ሰረዝ ይግባ አይግባ የሚለው አቋም በየሰው መታወቂያ ላይ ሰፍሯል። አቋማቸው የተለያየ ሰዎች አይጋቡም።

«ልጁ ሰረዝ ያስገባል?» አሉ ጋሽ ይልቃል፣ ሰላምታው ሳያልቅ።

«እስከ ሰባት ቤቱ አስገቢ ነው!» አሉ የሽማግሌዎቹ አለቃ አቶ ደባልቄ።

«እኛም ለሰረዝ ሟች ነን።» ይህን ሲሉ ቅልል አላቸው፤ ትርሲት «ወይ እሱን ወይ ገዳም» ብላቸዋለች።

ትርሲት የጋብቻውን ቅጽ ከነብዕሩ አቀረበች። «ከመመዝገቡ በፊት አንድ ነጠላ ሰረዝ በእጅ ይጻፍበት ይላል።»

የጋሽ ይልቃል እጅ ብዕር ይዞ አያውቅም። «እንግዳ ይቅደም» አሉ።

«ኧረ በባለቤቱ!» አሉ አቶ ደባልቄ፣ እጃቸውን ጋቢያቸው ውስጥ ከተው።

ብዕሩ ሁለት ዙር ዞረ። በመጨረሻ ትርሲት ተቀበለችና አንድ ትንሽ ዓሣ ሳለችበት።

«እሷ ናት!» አሉ ሁሉም ባንድ አፍ። «እሷው ራሷ!»

ግድግዳው ቅጹን ጥቂት መረመረና «ትክክል ነው፤ ጋብቻው ተመዝግቧል» አለ።