ሱሀይላ ከስልኩ ያመጣችው

ሱሀይላ ስልኩን ትዘጋና «ፋይን ነው፣ እማማ» ብላ ወደ ላፕቶፗ ትዞራለች።

የልጄ ልጅ ከሐኪሙ ጋር ያን ሁሉ በእንግሊዝኛ አውርታ ለእኔ የተረፈችኝ ይቺ ቃል ናት። ለምርመራ በመርፌ የቀዱት ከእኔ ጡት እንጂ ከእሷ አይደለም!

«ምን አለሽ ሰውየው?»

«ደህና ነዎት አልኩ እኮ። ይሄን ሆምዎርክ ሰብሚት ማድረግ አለብኝ።»

ፊደል አልቆጠርኩም፤ «ደህና» የምትለዋን ቃል ግን አሳምሬ አውቃታለሁ። ወንድሜን ሲራጅን «ደህና ነው፣ ደህና ነው» እያሉኝ ነው የቀበሩት። እጄ ሄዶ እብጠቱ ላይ ይቀመጣል።

ልጅቱ ኮሌጅ ገብታ ሲ የሚባል የኮምፒውተር ቋንቋ ትማራለች። ዛሬ እሷና ሲ ተጣልተዋል። «ስሌቱ ልክ ነው! ለምን ቆሻሻ ቁጥር ያወጣል?» ብላ ጠረጴዛውን ትመታለች።

«ቀስ! ይሄ የአሜሪካ፣ የሲልቨር ስፕሪንግ ቤት ግድግዳው ወረቀት ነው፣ ጎረቤት ፖሊስ ይጠራብናል።»

ትንሽ ቆይታ ትስቃለች። «ሪተርን! ሪተርን ረስቼ!»

«ማን ነው እሱ?»

ደግ ልጅ ናት፣ ሲጠይቋት ታስረዳለች። ማንበብ የምችል ይመስል ስክሪኑን ታዞርልኛለች። «ይሄ ፋንክሽን ይባላል። ዋናው ፕሮግራም ይልከዋል፤ ደምር፣ አካፍል ይለዋል። አካፍሏል። ግን ሪተርን፣ ‹ይዘህ ተመለስ› ካላልኩት ያገኘውን እዚያው ይዞት ይቀራል።»

«ላኪውስ?»

«ላኪውማ መልስ የመጣለት መስሎት ያገኘውን ቆሻሻ ያትማል።»

«እንግዲያ እኔም ስልኩን ከዘጋሽ ጀምሮ መቃብሬን ቆፍሬ ጨርሻለሁ።»

ሳቋ ይቆማል። ላፕቶፑን ትታ አጠገቤ ትቀመጥና ከ«ሄሎ» ትጀምራለች። እሱ ያለውን፣ እሷ የጠየቀችውን፣ እሱ የመለሰውን። ካንሰር የለም። ውሃ ነው። ከስድስት ወር በኋላ ደግመው ያዩታል። አማርኛው ሲያጥራት እጇን ጨብጣ «እንዲህ፣ ውሃ የያዘች ትንሽዬ ፊኛ» ትላለች። ምላሴ ስለት ነው፣ ዛሬ ግን አንዴም አላቋርጣትም።

«ሌላስ?»

«ሌላ... ‹አያትሽ አሳቁኝ፣ ሰላም በይልኝ› ብሏል።»

«እሱንም ልታስቀሪብኝ ነበር?»

«ሶሪ፣ እማማ።»

«አልሐምዱሊላህ። አላህ ዕድሜሽን ያርዝመው፣ አፍሽን ማር ያድርገው።»

ከዚያ ላፕቶፗን ወደ አጠገቤ አምጥታ ያችን የረሳቻትን መስመር ትጽፍና ቁልፉን ትጫናለች። ቁጥሩ ይወጣል። ስንት እንደሆነ አላውቅም፤ ፊቷን ነው የማየው። እጄን ብፈልገው ከጡቴ ላይ የለም፤ መቼ እንደሄደ እንጃ፣ ፀጉሯ ውስጥ ነው።