የዘገየው እግር

ቅዳሜ ከቀኑ አስር ሰዓት ነበር፤ ሟች ባሏ በየሳምንቱ የሮክ ሙዚቃ ሸክላ የሚከፍትበት ሰዓት። ከበሮውን በእግሩ እከተላለሁ ብሎ የጣውላውን ወለል ሲደበድብ ሁልጊዜ ይዘገይ ነበር።

«የኔ ጌታ፣ ጥሎህ ሄደ እኮ!» ስትለው፣ «ይጠብቀኛ! ምን አስቸኮለው?» ይላት ነበር።

ሸክላዎቹን ባየች ቁጥር ሆዷ እየባባ አላስችል ስላላት፣ ታናሽ ወንድሙ ሊወስድላት መጣ። «አንዱን ብቻ ሰምተን ትወስዳቸዋለህ» ብላ ከፈተችው።

ሁለቱም እግራቸውን ሰብስበው ሶፋው ላይ ተቀምጠዋል። ከበሮው ሲመታ፣ ከባሏ ባዶ ወንበር ፊት ወለሉ ጓ አለ፤ ትንሽ ዘግይቶ። ከበሮው ደግሞ መታ፤ ወለሉም ደግሞ ዘገየ።

«እትዬ፣ አጥፊው!» አላት ወንድሙ፣ ፊቱ አመድ መስሎ።

«ቆይ፣ ይድረስበት» አለች፣ እንባዋን ሳትጠርግ።

ሸክላዎቹ ከዚያ ቤት አልወጡም።