ኒሻን የሚያስገኝ ሽቦ

ጣሊያናዊው የፖስታና ቴሌግራፍ ሹም በመጣ በሳምንቱ ትእዛዝ አወጣ፦ «ሽቦ የተቆረጠበት ጣቢያ ያንኑ ሰዓት በቴሌግራም ያሳውቅ!»

«ጌታዬ፣ ሽቦው ከተቆረጠ እኮ…» አለ አስተርጓሚው ንጋቱ።

«ዝም በል! አንተ ስለ ቴሌግራፍ ምን ታውቃለህ?»

ንጋቱ ትእዛዙን እንዳለ ተርጉሞ ለየጣቢያው ላከ። ሦስት ወር ሙሉ አንድም የብልሽት ቴሌግራም አልመጣም። ሹሙም «በእኔ ዘመን ሽቦ አልተቆረጠምና ኒሻን ይገባኛል» ሲል ለሮም ቴሌግራም አስመታ። ከዚያ ወዲያ ጠዋት ጠዋት ጥያቄው አንድ ነው።

«ንጋቱ፣ ኒሻኔስ?»

«መንገድ ላይ ይሆናላ፣ ጌታዬ።»

አንድ ማክሰኞ፣ በአግባቡ ቴምብር የተለጠፈበት የአማርኛ ደብዳቤ በፖስታ ደረሰ።

«ሕዝቡ እያመሰገነኝ ነው! ተርጉመው፣ ለሮም ይላካል!»

ንጋቱ ጉሮሮውን ጠርጎ አነበበ፦ «ለክቡር ሹም። የዘረጉልን ሽቦ አልቋል። ሌላ ይጨምሩልናል ወይስ ምሰሶውን እንጀምር? አርበኞቹ፣ ከጫካው።»