ያልሳሳው ገለፈት

ጸዳለ ከሃይድሮጅን መብራት ለሚያመነጭ መሣሪያ የሚሆኑ ስስ የፕላስቲክ ገለፈቶችን ትፈትናለች። ገለፈቶቹ በብርቱ ሙቀት እንዲፈተኑ ተብሎ ሥራው ቆላው ሽንፋ ላይ ነው። በየጠዋቱ ገለፈቶቹን ቆዳ ከሚልጠው የኮስቲክ ሶዳ ውሃ እያወጣች ውፍረታቸውን ትለካለች። ቢያንስ አንዱ ሳይሳሳ ዘጠና ቀን ከቆየላት ጎንደር፣ ልጇ ዘንድ ትመለሳለች። ሌሎቹ ሁሉ ሳስተዋል፤ የቀረው ሰባተኛው ብቻ ነው።

በዘጠናኛው ቀን ጠዋት ለልጇ ልትደውል አውራ ጣቷን ስልኳ ላይ ብታሳርፍ፣ ስልኩ አልከፈትም አላት። ጣቷን አየችው። ልሙጥ ሆኗል።

"እስቲ ይዩልኝ አያ ቢሻው፣ አሻራዬ ጠፋ።"

"እሰይ! እንግዲህ ብትሰርቂም አትያዢም" አሉ ዘበኛው እየሳቁ። "ጓንት አታደርጊም እንዴ?"

"ያለ ጓንት አንድ ቀን ነክቼው አላውቅም።"

ለመሳቅ እንኳ ደክሟታል። ሰባተኛውን ገለፈት አውጥታ ለካችው። አልሳሳም፤ እንዲያውም ከመጀመሪያው ቀን ይልቅ ወፍሯል። ወደ መስኮቱ ብርሃን ስታነሳው፣ መሃሉ ላይ ክብ ክብ እየሠሩ የሚጠማዘዙ ቀጫጭን መስመሮች አየች።

አያ ቢሻው ጠጋ ብለው ጣቷንና ገለፈቱን አስተያዩ።

ገለፈቱን አጥባ አደረቀችውና ስልኩ ላይ አስተኛችው። ስልኩ ተከፍቶ የልጇን ፎቶ አሳያት።