ፍሪጅ ላይ የተለጠፈችው መኪና

መርቭ ታሎክ ከንጋቱ አሥራ አንድ ሰዓት ተነስቶ ፍሪጁ ፊት ይቆማል። ፍሪጁን ግን አይከፍትም። በሩ ላይ በፎቶ የተለጠፈችውን ቀይ ስፖርት መኪና ትክ ብሎ ያይና «የኔ ነሽ» ይላታል። ባለ ሁለት ወንበር ናት፣ ጣሪያዋ ወደ ኋላ ይታጠፋል። ከዚያ ጫማውን አጥልቆ በአውስትራሊያዋ ከተማ በዋርናምቡል ባሕር ዳርቻ ስድስት ኪሎ ሜትር ይራመዳል።

እንዲህ ማድረግ ከጀመረ ሦስት ዓመቱ ነው። ከዚያ በፊት የሚራመደው ከሶፋው እስከ ቢራው ነበር። በስልሳ ዓመቱ ልቡ ቀጥ ልትል ደርሳ ሆስፒታል ሲገባ፣ ሐኪሟ ሲጋራውን፣ ቢራውንና ፓይ የሚሉትን ሥጋ የተሞላ የተጋገረ ሊጥ ካልተወ ሁለት ዓመት እንደማይቆይ ነገረችው። መርቭ በአክብሮት ራሱን ነቀነቀ። ሐኪሟ ስትወጣ ሚስቱን ፓይ እንድታመጣለት ላካት።

ግሌኒስ ፓይ አላመጣችም። የሚፈረም የወረቀት ክምርና አንድ የመኪና መጽሔት ይዛ መጣች። ወረቀቱን ሳያነብ ፈረመ፤ ዓይኑ መጽሔቱ ላይ ነበር። ከወጣትነቱ ጀምሮ የሚመኛት ቀይ መኪና ሽፋኑ ላይ ጉብ ብላለች። እዚያው አልጋው ላይ ሆኖ ማለ፤ እሷን እስኪገዛ ድረስ ሲጋራ፣ ቢራና ፓይ በአፉ አይዞርም፣ የእነሱም ገንዘብ ለእሷ ይቀመጣል።

ማለ፣ መሐላውንም ጠበቀ። ችግሩ ዝም ብሎ አለመጠበቁ ነው። መርቭ ሰባኪ ሆነ። የመንጃ ጓንት ገዝቶ የቧንቧ ዕቃ የሚጭንባትን ያረጀች መኪናውን በጓንት ይነዳል። ቁልፍ የሌለው የቁልፍ መያዣ ቀበቶው ላይ ያንጠለጥላል። መጠጥ ክበብ ሲሄድም የውሃ ብርጭቆውን ይዞ በስብከቱ ሰውን ያደርቃል።

«ግብህን ለጥፈው! አዋራው!» ይላል። «ዕድል የሰነፍ ነው።» ግሌኒስ የባሕር ዳርቻውን የነፍስ አድን ክበብ ሎተሪ በየዓመቱ በሱ ስም ስትቆርጥ ይስቅባት ነበር። እሷም ከሆስፒታሉ ወዲህ ትታዋለች።

«ያቺ መኪና የመጣች ቀንስ?» ብሎ አንዱ ጠየቀው።

«የመጣች ቀንማ ሲጋራዬን ለኩሼ፣ ፓዬን ይዤ፣ ወንበሯ ላይ ጋደም ነው! ከዚያ ወዲያ መርቭ ሲራመድ ያየ ሰው ይሸለማል።»

ሁሉም ሳቀ። ግሌኒስ ብቻ አልሳቀችም።

የግሌኒስን ነገር ያነሳው ጎረቤቱ ዴስ ነው። ዴስ ጡረታ ከወጣ ወዲህ ሥራው የሰው ኑሮ መከታተል ነው።

«እንደ ወንድም ነው የምነግርህ» አለው አጥሩ ላይ ተደግፎ። «ሐሙስ ሐሙስ ሚስትህ የት ነው የምትሄደው?»

«የመዘምራን ልምምድ ነዋ።»

«መዘምራኑ የሚለማመዱት ሰኞ ነው። እሷ የምትገባው ስታቭሮስ ጋራዥ ነው፣ ያውም በኋላ በር። ሦስት ሰዓት ሙሉ! ስትመለስ ፀጉሯ እንዲህ ሆኖ ነው» ብሎ ሁለት እጁን ራሱ ላይ በተነ።

«መኪናዋ ተበላሽታ ይሆናላ።»

«መኪናዋማ እናንተ ደጅ ቆማለች፣ አንተ ሰውዬ! በእግሯ ነው የምትሄደው። ስታቭሮስ ደግሞ ሚስቱ ከሞተች ዓመት አለፈው።»

«ዴስ፣ ትኩረቴን አትበትንብኝ። የመኪናዋ ገንዘብ ሊሞላ ሰባት ዓመት ብቻ ነው የቀረኝ።»

«ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ! አንተ ፎቶ ስታዋራ ሰው ትዳርህን ወሰደልህ።» ዴስ በጣም አዝኖ ነበር፤ ትንሽም ደስ ብሎታል።

የዚያን ዕለት እራት ላይ መርቭ ሚስቱን ልብ ብሎ አያት። ቀኝ ክንዷ ፀሐይ መትቶት ቀልቷል፤ ግራው ነጭ ነው። ጉንጮቿ የሃያ ዓመት ልጅ ጉንጭ መስለዋል። ለእሱ እንዲህ የቀላችበት ዘመን ትዝ አላለውም። የዓሣውን ሳህን ገፋ አደረገ፤ በሦስት ዓመት ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ ሲጋራ አማረው።

«ግሌኒስ፣ ሰው አለሽ እንዴ?»

ሹካዋን አስቀመጠች። «ማን ነገረህ?»

«እሱን ተይው። ስታቭሮስ ጋ ምን ትሠሪያለሽ?»

ልትናገር አፏን ከፈተች። ከዚያ ከላይ እስከ ታች አየችው፤ የሰፋውን ሸሚዙን፣ የጠበበውን ቀበቶውን፣ በሩ ሥር የቆመውን የእግር ጉዞ ጫማውን። አፏን መልሳ ገጠመች።

«ሚስቱ ከሞተች ወዲህ እህል አልቀምስ ብሏል። ሄጄ አበስልለታለሁ። ሰው እንዳያወራ ብዬ ነው የደበቅኩህ።»

መርቭ በጣም አፈረ። ይቅርታ ጠየቃት፣ ግንባሯን ሳማት። ቀናተኛ ሰው ግቡን አይመታም ብሎ በማግስቱ ሰባት ኪሎ ሜትር ተራመደ። የስታቭሮስን ድስት እሳት ነክቶት እንደማያውቅ፣ የሚበላውም እኅቱ ቤት እንደሆነ ግን ከመርቭ በቀር ከተማው ሁሉ ያውቃል።

ሐሙስ መጣ። ግሌኒስ በኋላ በር ገባች። ስታቭሮስ እጁን በጨርቅ እየጠረገ ተቀበላት።

«ነገርሽው?»

«አፌ ላይ ደርሶ ነበር። አልቻልኩም።»

«እስከ መቼ ነው ግን እንደ ሌባ የምንደበቀው? መንገድ ላይ ሳገኘው ዓይኑን ማየት ተሳነኝ።»

«እኔስ? አብሬው እያደርኩ?» እንባዋ መጣ። «ከነገርኩት ይሞትብኛል፣ ስታቭሮስ። እወደዋለሁ።»

ስታቭሮስ ትከሻዋን መታ መታ አደረጋትና ወደ ጋራዡ ጥግ ሄዶ ትልቁን ሸራ ገለጠላት።

ግሌኒስ የቀይዋን መኪና ጣሪያ ወደ ኋላ አጥፋ፣ ቀኝ ክንዷን በሩ ላይ አስደግፋ የባሕሩን መንገድ ያዘች፤ መኪናዋ በሎተሪው ለመርቭ ከወጣች ሦስት ዓመት አልፏታል፣ ሆስፒታል ሳያነብ የፈረመው የባለቤትነት ወረቀቷም ዛሬም መርቭ ታሎክ ይላል።